አስታማሚዎ ማን ነው?

ጅማ፣ አወቱ መንደራ
ኅዳር ማለቂያ

ለታናሼ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ አፊያ ናቸው? ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዘንድሮም አለቀቀሽም? ሰቃ ላይ ቡናው በአንዴ ቀልቶ ለቃሚ እንደጠፋ ሰምቻለሁ። አላህ በረካ ያድርግላችሁ፤ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውንም ከዝናብ ይጠብቅላችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ትራስ ተደግፌ ቁጭ ብዬ መጻፍ ችያለሁ። ሰሞኑን እንደነበርኩት ከሆነ ይህም ትልቅ ወሬ ነው።

ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ስለሆንኩ ቀስ ብለሽ እንደምትወጪው አውቃለሁ። ለሩፈይዳም ቢሆን አትስጫት፤ ካነበብሽው በኋላ ምን ምኑ እንደሚነገራት እናቷ አንቺ ትመርጫለሽ። በዓል በመጣ ቁጥር ሰላም ነው? ሰላም ነው ተባብለን የምንዘጋው ስልክ ይህን ነገር አይችለውም ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ነገሩ የጀመረው ረመዳን ወጥቶ የሸዋልን ጾም ስጨርስ ነው። ልብሴ እየራሰ አስቸገረኝ። ደም አይደለም፤ ደም ከቀረብኝ ስንት ዘመኑ። ውሃ ነው፤ ጥርት ያለ፣ አንዳንዴም የገለባ መልክ ያለው። ሽንት የሚያመልጠኝ መስሎኝ አፈርኩ። ውዱእ አድርጌ ሶላት ስቆም ይፈሳል፤ አቋርጬ እታጠባለሁ፤ ስመለስ እንደገና ይፈሳል። ሴቶቹን ቁርኣን የምታስቀራውን ናኢማን በጆሮዋ ብጠይቃት፣ ለየሶላቱ አንዴ ታጥበሽ ስገጂ፣ አላህ አያስጨንቅሽም፤ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ አለችኝ። የመጀመሪያውን ሰማሁ፤ ሁለተኛውን እንዳልሰማ ሆንኩ።

ከውሃው ጋር ቁርጠት ነበረ። በስተግራ በኩል ከብሽሽቴ ከፍ ብሎ ይጀምርና እየጠበቀ እየጠበቀ መጥቶ ወገቤን ሰቅዞ ይይዘኛል። ከዚያ ውሃው ድንገት ይወርድና ይለቀኛል። ጠዋት እጥፍጥፍ ብዬ ያረፈድኩት ሴትዮ ከሰዓት ቀና ብዬ ቤት እጠርጋለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለማን ልንገር? ባለቤታችን ከሞተ፣ ሩፈይዳንም ከወሰድሻት ወዲህ እዚህ ቤት የሚሰማ ጆሮ የለም። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ልጅሽ ናት፣ ወሰድሻት። ወንድ የሌለበት ቤት ሴት ልጅ አትቀመጥም አልሽ፤ እኔም እውነትሽን ነው አልኩ። ሻንጣዋን የዘጋሁላት ራሴ ነኝ። ብቻ ገና ጥርሷን ሳትቀይር መጥታ አዮ እያለች ያደገችው ልጅ፣ እናቴ እያለች ማለት ነው፣ መኪናው ውስጥ ሆና ዞራ ስታየኝ፣ አንቺ ዞረሽ አላየሽኝም። የያዝኩብሽ ይህችን ብቻ ነው። አሁን ጻፍኳት፣ ወጣችልኝ።

ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ ታቢታ ናት። አታውቂያትም፤ ሩፈይዳን ከወሰድሻት በኋላ ከግቢያችን ጀርባ ያለውን ክፍል የተከራየች፣ ከወላይታ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት ጠዋት ትዘምራለች። ቧንቧው ጋ ተጣጥፌ አገኘችኝና ምንም ሳትጠይቀኝ ባጃጅ ጠርታ ጊንጆ ያለ አንድ ክሊኒክ አደረሰችኝ። እዚያ በሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው በአልትራሳውንድ አዩኝና በግራ በኩል ኦቫሪሽ ላይ፣ እንቁላል የሚዘጋጅበት ቦታ ላይ ማለት ነው፣ ውሃ የቋጠረ እጢ አለ አሉኝ። ሎሚ ያህላል፣ በቀላል ኦፕራሲዮን ይወጣል፣ አትስጊ ብለው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፉልኝ። ሆስፒታሉም ቀጠሮ ሰጠኝ። ቀላል ነው የሚለውን ቃል ይዤ ገባሁ፣ ይዤው ተኛሁ።

ቀጠሮው ሲቃረብ አንድ ምርመራ ቀርቷል ተባልኩ። በሆድ ላይ የሚታየው አይበቃም፣ ከውስጥ የሚገባው አልትራሳውንድ ይታይ አሉ። ታናሼ፣ ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምጽፈው። በዚህ ዕድሜዬ፣ አንድ ወንድ ብቻ ያወቅኩ ሴት፣ እዚያ አልጋ ላይ እግሬን ልከፍት? ሻሼን አስተካክዬ፣ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ገባች፤ ዶክተር ሲና ትባላለች። ፊቴን ስታይ ነገሩ ገባትና በሩን ዘጋችው። ሂን ሶዳቲን አዮ፣ አይፍሩ፣ የማይዎት እኔ ብቻ ነኝ አለችኝ። አዮ ስትለኝ ከበሩ ዞርኩ። ተመልሼ ተኛሁ።

መሣሪያውን ከማንሳቷ በፊት ስለ ውሃው ጠየቀችኝ። ሌሎቹም ጠይቀውኝ ነበር፤ ፈሳሽ አለ? አለ፤ አበቃ። እሷ ግን መልኩን፣ ሽታውን፣ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚቆም እያባበለች አወጣጣችኝ። ቁርጠቱ ሲጠብቅ ቆይቶ ውሃው ሲወርድ ይለቀኛል ስላት ጓንት የምታጠልቅ እጇ ቆመ። እስቲ ይድገሙልኝ አለችኝ። ደገምኩላት። ይህን ለሐኪም ነግረው ያውቃሉ ወይ አለች። የጠየቀኝ የለም፣ ለራሴም አፍሬ ነበር አልኳት።

ከዚያ ማየት ጀመረች። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው፤ የሚያበራው ስክሪኑ ብቻ ነው። ዝም አለች። ሐኪም ዝም ሲል ምን እንደሚያስፈራ ታውቂያለሽ፤ ባለቤታችንን ያዩት ቀን እንደዚያ ነበር ዝም ያሉት። ምን አየሽ ልጄ አልኳት። አላባበለችኝም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና አብረን እንየው አለችኝ።

ክረምት ላይ በመስኮት ስታዪ ዝናቡ ሜዳውን ሸፍኖ ግራጫና ጥቁር የሚያደርገው ነገር አለ አይደል? እንደዚያ ነው የሚመስለው። እሷ በጣቷ ባታሳየኝ ምንም አላይም ነበር። ይቺ ኦቫሪዎ ናት፤ በዕድሜ ጠወለገች እንጂ ምንም አልሆነችም አለችኝ። የደረቀ ባቄላ ታክላለች። ቀጥላ ከጎኗ ያለውን፣ ረዘም ብሎ የተጠማዘዘውን፣ ውሃ የሞሉት አንጀት የመሰለውን አሳየችኝ። ክሊኒኩ ያየው ይሄንን ነው፣ በሆድ ላይ ሲታይ ሁለቱ ተጠጋግተው አንድ ይመስላሉ፣ እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር አለች። ከዚያ በመሣሪያው ቀስ ብላ ገፋ አደረገችው። ባቄላዋ ወደ አንድ ወገን ሸሸች፤ ያኛው ባለበት ቀረ። አዩ፣ አልተያያዙም፤ የታመመው ኦቫሪው አይደለም፣ የማህፀን ቱቦው ነው፣ እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያልፍበት መንገድ አለችኝ።

ውሃ ከሆነ ምን አለበት ታዲያ አልኳት። ውሃ ብቻ ቢሆን ባልፈራሁ አለችኝ። ከቱቦው ግድግዳ ላይ ወደ ውስጥ የበቀለ እንጉዳይ የመሰለ ነገር ነበረ። አንድ ቁልፍ ስትነካ ያ እንጉዳይ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ አለበት። ደም ነው፤ የቆየ መግል ወይም ዝቃጭ ቢሆን ደም አይሄድበትም፣ ይሄ ግን የራሱ የደም ሥር አለው አለችኝ።

አተኩሬ አየሁት። ሌሎች ሴቶች በዚያ ማሽን ላይ ምን እንደሚያዩ ታውቂያለሽ። አንቺ ስንቴ አይተሻል። ሩፈይዳን ያረገዝሽ ጊዜ አብሬሽ ገብቼ ልቧ ሲመታ ያሳዩንን አልረሳሁም፤ አንቺ ስትስቂ እኔ ነበርኩ ያለቀስኩት። በእኔ ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ ከደሜ የሚመገብ ነገር ሲታይ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ካንሰር ነው ወይ ብዬ ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይመስለኛል አለችኝ። ምስል ምስል ነው፣ የመጨረሻውን የሚናገረው ከወጣ በኋላ በላቦራቶሪ የሚታየው ሥጋ ነው፤ እኔ ግን ያ ውሃ፣ ያ ቁርጠት፣ ይሄ ቱቦ፣ ይሄ ደም ሲደመሩ ሌላ ነገር አይታየኝም አለች። የቱቦ ካንሰር ብዙ የማይገጥም ነው አለችኝ፤ ብዙዎቹም ለሌላ ነገር ተብሎ ሆድ ከተከፈተ በኋላ ነው የሚታወቅባቸው። የኦቫሪ ውሃ ነው ብለን በቀላሉ ልናወጣው ገብተን ሳናውቅ ብንወጋው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ሆድዎ ውስጥ ይፈስ ነበር። ያንን ስትል እጄን ያዘችኝ። የእሷ እጅ ከእኔ ይበልጥ ይቀዘቅዝ ነበር።

ሌላ ትልቅ ሐኪም ጠርታ አሳየችው፤ እሱም ረጅም ጊዜ አየና አንገቱን ነቀነቀ። ቀላሉ ኦፕራሲዮን ተሰረዘ። ካንሰር የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ይግባበት ተባለ፤ ማህፀኑም፣ ሁለቱም ቱቦ፣ ሁለቱም ኦቫሪ፣ አንጀት ላይ ያለው ሞራም ሳይቀር ይወጣል አሉኝ። ይውጣ አልኩ። ምን ሠራልኝና ነው የምሳሳለት?

ከመውጣቴ በፊት ዶክተር ሲና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ወልደው ያውቃሉ ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኩ። የቀኙም ቱቦ ጫፉ የተዘጋ ነው፤ እሱ ካንሰር አይደለም፣ የቆየ ኢንፌክሽን የተወው ጠባሳ ነው፣ ምናልባት ከወጣትነትዎ ጀምሮ የነበረ አለችኝ። ያኔ ከባድ የሆድ ሕመም ከትኩሳት ጋር ይዞዎት ነበር? ባለቤትዎስ በዚያ ሰሞን ታክመው ያውቃሉ? አላስታውስም አልኳት። እውነቴን ነበር። ካንሰሩ ከዚያ ጠባሳ መጣ ለማለት እንደማትችል ግን ደጋግማ ነገረችኝ።

ባጃጅ ውስጥ ነው ያስታወስኩት። በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት፣ ገና ከጌራ ቡና በሚጭንበት ዘመን፣ ከመንገድ ታሞ ገባ። ጤና ጣቢያ እየተመላለሰ መርፌ ተወጋ። ወባ ነው አለኝ። እሱ ከዳነ በኋላ እኔ ወደቅሁ፤ ትኩሳቱ ያቃዠኛል፣ ሆዴ አያስነካኝም። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የባሏ ወባ ተጋባባት ብላ ቅጠል ቀቅላ አጠጣችኝ። ወደ መርፌው ግን የወሰደኝ የለም። እንደምንም ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ወር እየተቆጠረ፣ ዓመት እየተቆጠረ፣ መካን ናት ተብሎ ሽማግሌ የተሰበሰበው፤ እኔም እሺ ብዬ፣ ሰቃ ድረስ መጥቼ፣ አንቺን በእጄ ተቀብዬ ያስገባሁሽ። ወባ ከሰው ወደ ሰው እንደማይጋባ ለስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ለልጆች አስተምሬያለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም። እሱ አፈር ለብሷል፤ የልጆችሽም አባት ነው። አላህ ይማረው። እኔ ምሬዋለሁ፤ ወይም ልምረው እየሞከርኩ ነው።

ወረፋ እስኪደርሰኝ የጠበቅኩት ጊዜ ከሁሉም ከበደኝ። ስካን ተነሳሁ፣ ለምርመራ ደም ሰጠሁ፣ የቀረውን ቀን ቤት ተቀምጬ ግድግዳ አየሁ። ታቢታ ቀን ሥራ ላይ ናት፤ ማታ ስትመጣ ልጆቿ አሉ። ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ ሰው ያለ ይመስላል፤ ከዚያ ያናድደኛል፣ እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ልብሴን ለብሼ የሰቃ መኪኖች የሚቆሙበት ሄድኩ። ረዳቱ ሰቃ ሰቃ እያለ ይጠራል። ገባሁ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የታሰረች ዶሮ ይዛ ነበር፤ ለማን ነው አልኳት፤ ለወለደች ልጄ አለችኝ። መኪናው ሊሞላ ሲል ምን ብዬ ነው የምደርሰው አልኩ በልቤ። ሰው ቡናው መሬት ላይ እየረገፈበት ባለበት ሰዓት በር ላይ ቆሜ ልሞት ነው መሰለኝ ልበልሽ? ልጄን አብራኝ እንድታድር ልወስዳት መጣሁ ልበልሽ? ይቅርታ፣ ልጅሽን። ወራጅ አለ አልኩ። ረዳቱ ገና ሳንነሳ ብሎ ሳቀብኝ።

የመተኛዬ ቀን ነርሷ ካርዴን ይዛ፣ አስታማሚዎ ማን ነው አለችኝ። አልጋው አጠገብ ለአስታማሚ የሚሆን ወንበር አለ። የሌላው ሰው ወንበር ሁሉ ሰው አለበት፤ እህት፣ ምራት፣ ሙቅ የያዘ ባል። ይመጣሉ አልኳት። ልጅ አለዎት አለችኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሰቃ ናት አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ ልመልሰው ብል አልተመለሰልኝም። አውፍ በይኝ። የቅርብ ዘመድ ስልክ ስትለኝ ደግሞ ያንቺን ሰጠሁ። ምንዎ ናቸው አለችኝ። ጣውንቴ ብላት ትስቅብኛለች ብዬ፣ እህቴ አልኳት። እንዳትደውሉ፣ የከፋ ነገር ካልመጣ በስተቀር አልኩ።

ጠዋት ወደ ቀዶ ክፍል ሲገፉኝ ታቢታ ከሥራዋ ቀርታ መጣች። በሩ ላይ ተንበርክካ በጌታ በኢየሱስ ስም ብላ ጮክ ብላ ጸለየችልኝ። የሚገፋኝ ሰውዬ ቆሞ ጠበቃት። እኔ ከንፈሬ ላይ ያሲን ነበር፤ ስትጨርስ ግን አሚን አልኩላት። አላህ ልቧን ያያል። ሌላ የሚጸልይልኝ ሰው በዚያ ሰዓት አልነበረም፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ስነቃ አፌ ደርቋል፤ ሆዴ እንደ እሳት ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የነርሷን ድምፅ ነው። እማማ ሐጂራ፣ ደም ፈሶዎት ነበር፣ አሁን ደህና ነዎት፣ እህትዎ ደም ሰጥተው ሄዱ አለችኝ። እኔ እህት የለኝም ልላት ነበር። ለእናቴ አንድ ነኝ፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ከንፈሬ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ዘጋሁት።

የቀረውን ታቢታ ነገረችኝ። በመሐል ደም ያስፈልጋል፣ ዘመድ ይጠራ ተብሎ ተደወለ። እሷ የራሷን ልስጥ ብትል በቅርቡ ሰጥታ ስለነበር መለሷት። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች አለችኝ፤ አጠር ያለች፣ ግራ እግሯን ትንሽ የምትጎትት፤ የለቀማ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፣ ጣቶቿ በቡና ጠቁረዋል። ደም ሰጥታ ክንዷን በጥጥ ይዛ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስምሽ ማነው ብላት አልነገረችኝም። ብርድ ልብሱን ከእግርሽ በኩል ገለጠችና እግርሽን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ቀዝቅዟል አለች። ከዚያ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ነበረች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መዋሸት አላውቅም፣ አዎ አልኳት አለችኝ ታቢታ። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አንቺ ስታቃስቺ ብድግ አለች። ትነቃለች፣ ቆዪ እንጂ ብላት የሰቃ መኪና ያመልጠኛል ብላ ወጣች። መኪና እኮ ነበረ፣ ገና ፀሐይ ነበር አለችኝ ታቢታ።

ታናሼ፣ ለምን እንደሄድሽ አልጠይቅሽም። ምናልባት ምን ብለሽ እንደምትጀምሪ ጠፍቶሽ ይሆናል። ለእኔም ጠፍቶኝ ነው ከመኪናው የወረድኩት። ምናልባትም ዓይኔን ስገልጥ ሩፈይዳን የምጠይቅሽ መስሎሽ ይሆናል። እውነት ለመናገር፣ እጠይቅሽ ነበር።

ውጤቱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ዶክተር ሲና ራሷ ይዛልኝ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምስሉ አልዋሸንም አለችኝ። የቱቦው ካንሰር ነው፤ ኦቫሪው ንጹሕ ነው፤ ሳይፈስ ሙሉውን ወጥቷል፤ ከቱቦው ውጪ የሄደ እስካሁን አላገኙም። ይህ በሽታ ግን መደበቅ ስለሚችል ኬሞ ይሰጠኛል። ጸጉር ይረግፋል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ከዚያ ብዙ ሰው ይድናል፣ ሁሉም ግን አይድንም አለችኝ። አለማባበሏን ወደድኩላት። ወደ ቤት ሲሄዱ ብቻዎን እንዳይሆኑ ያለችኝን ግን እሺ ብዬ ተቀበልኩ እንጂ እንዴት እንደሚሆን አልነገርኳትም።

አሁን ቤት ነኝ። ታቢታ ጠዋት አጥሚት ታደርግልኝና ወደ ስፌቷ ትሄዳለች። እስክትመለስ የማየው የጎረቤትን ጣሪያና ጣሪያው ላይ የሚሮጡትን ጦጣዎች ነው። የሩፈይዳ ክፍል እንደነበረ ነው፤ አልጋውን አንጥፌዋለሁ። ለማንም ብዬ አይደለም፤ እንዲሁ ነው። ቡናው ሳይሰበሰብ ማንም ከቤቱ እንደማይነቃነቅ አውቃለሁ። ደሜ ውስጥ አሁን ያንቺ ደም አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅሽ።

ልጆቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ጉልበትሽን ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ ያዢው፤ አትናቂው። አላህ እጅሽን ይባርከው፤ ክንድሽ የሰጠውን እጥፍ አድርጎ ይመልስልሽ፤ የልጆችሽን ልጆች ያሳይሽ፤ ቤትሽን ከሰው አያጉድለው። በሶላትሽ አትርሺኝ፤ እኔ ከጥንትም ረስቼሽ አላውቅም።

እና ታናሼ፣ ሌላ ጊዜ ስትመጪ፣ እስክነቃ ቆዪ።

ታላቅሽ